«ስንት ትከፍላለህ?» ማለት ነውር ነውን?

መጀመሪያ የሰማሁት የካርቶን ፕላስተር ከጥቅልሉ ሲላጥ የሚያሰማውን ጩኸት ነው። መስኮት ዳር ብቻዬን ተቀምጬ በሐሳብ የምነጉድ ሰው ነኝና ባነንኩ። ወደ ኮሪደሩ ብወጣ የጎረቤቴ የጋሽ ያዕቁብ በር ተከፍቷል። እሳቸው ካርቶን ያሽጋሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ መስቱራ ሳህን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ።

«ጉዞ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ከከተማ ውጭ፣ ወደ ሲምኮ ካውንቲ ነዋ፣ አምሃ! ይህ ሪጀንት ፓርክ የሚሉት ሰፈር በቃን። እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው። ነገ ለሕንፃው ቢሮ ‹ልንለቅ ነው› እላለሁ።»

«ይህን ቤት አንዴ ከለቀቁ እኮ በዚህ ዋጋ መልሰው አያገኙትም። ርካሽ ነው ያለዎት ማነው?»

«ጓደኛዬ ጀላል ቀድሞን ሄዶ የለም? ባይመቸው ይመለስ ነበር።»

«ወጪውን ጠይቀውታል?»

እጃቸው ካርቶኑ ላይ ቆመ። «የሰው ኪስ ውስጥ ልግባ? ነውር ነው! እናንተን ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚያስተምሯችሁ እፍረት ማጣት ነው መሰለኝ።»

እውነት ነው። እኛ ለቅሶ ቤት የሟቹን ሕመም ከሥር እስከ ጫፍ እንጠይቃለን፤ የሕያውን ኪራይ ግን አንጠይቅም። ስለዚህ አንዱ የወደቀበት ጉድጓድ ሌላውም ተከትሎ ይገባል።

«ጋሼ፣ ኪራይ ብቻውን ኑሮ አይደለም። ታክሲዎን የሚነዱት እዚህ ነው፤ በየቀኑ ሊመላለሱ ነው። እትዬ መስቱራ ሥራ የሚሄዱት በከተማው ባቡር፣ በስትሪትካሩ ነው፤ እዚያ በምን ሊሄዱ ነው? በኪራይ ከሆነማ ኤሴክስ ካውንቲ ይብስ ይረክሳል፤ ግን ከዚህ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ሁሉንም ጎን ለጎን ሳያስተያዩ አይልቀቁ። ለመሆኑ እትዬስ ምን አሉ?»

«እሷማ እኔ ያልኩት ነው።»

እትዬ መስቱራ ቀና አላሉም።

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ፣ «እንግዲያው አንተን ላሳፍርህ!» ብለው ለጀላል ደወሉና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ጀላል፣ አውፍ በለኝና... ወር ሲያልቅ የሚተርፍህ ነገር አለ?»

ጀላል ሳቀ። «ወላሂ፣ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም! ቤቱ ረከሰ፣ መንገዱ በላው። ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ፣ ማሞቂያው... ሁለተኛ መኪና መግዛት አቅቶን ባለቤቴ ፈትሂያም ሥራዋን ተወች። ‹ተሳሳትኩ› ማለቱ አሳፈረኝ።»

የፈትሂያ ድምፅ ከኋላው ገባ። «ለመስቱራም ንገሯት! ካልነዳች የቤት እስረኛ ናት!»

ጋሽ ያዕቁብ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ።

«ረታኸኝ» አሉ። «ነገ ቢሮ አልሄድም። ከእንግዲህ ጁምዓ በተገናኘን ቁጥር የሄደውም የቀረውም ወጪውን ይናገራል፤ የመጀመሪያው እኔ ነኝ! ጠይቆ የሄደ ሰው ቤቱንም ሥራውንም አያጣም፤ ሚስቱም አትታሰርም። ሰማሽ መስቱራ? ቀርተናል! በይ ካርቶኑን እንፍታው።»

እትዬ መስቱራ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። ኮታቸውን ደረቡ፣ ሻርፓቸውን አጠበቁ፣ «እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» ብለው በመካከላችን አልፈው ወጡ።