ገመዱ ጋ የቆሙት አማቴ

እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ዋለና አማቴን እትዬ ዘነቡን ይዤ ከምንኖርባት ከስኔልቪል ተነስቼ ቢች፣ ባህር ዳርቻው ድረስ ነዳሁ። ፓርክ አድርጌ ስመጣ እሳቸው የአሸዋው ጉብታ የታጠረበትን ገመድ አልፈው ሣር ይነቅላሉ።

«እማማ፣ ይውጡ፤ ክልክል ነው።»

«ዓመት በዓል ያለ ጉዝጓዝ ልታውለኝ ነው?»

ሰው ሁሉ ያየናል፤ አፈርኩ። አሸዋውን የያዘው የሣሩ ሥር እንደሆነ፣ ሣሩ ካለቀ ባህሩ ከኋላ እስካሉት ሆቴሎች እንደሚገባ፣ ጉብታው በራሱ ጊዜ እንዲያገግም ተብሎ እንደታጠረ ነገርኳቸው። የነቀሉትን አዩ። ሥር ያለውን ሁሉ መልሰው ተከሉና ወጡ።

ወዲያው አንድ ወንበር የተሸከመ ግዙፍ ሰውዬ በዚያው ሊያቋርጥ መጣ። እትዬ ዘነቡ ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው አግድም ይዘው ፊቱ ቆሙ። «ኖ» አሉት።

«ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው» አለኝ። ተረጎምኩላቸው።

«እኔም ገብቼ ነበር በለው። ጥፋቴን ሳውቅ ወጣሁ። እሱም በዚያ ለመተላለፊያ በተሠራው የእንጨት መንገድ ይዙር።»

እያጉረመረመ ዞረ። ከኋላው ግን ሌሎች እየመጡ ነበር። «ምሳ ቀርቧል፣ እማማ» ስላቸው ንቅንቅ አላሉም። ጃንጥላውን አልለቅም ስላሉ ከቤት ይዘን የመጣነውን የዓመት በዓል ዶሮ እዚያው ገመዱ ጋ በጉርሻ አበላኋቸው።