የጋሼ መስፍን የሽቦ ሰዎች

ስሙኝማ፣ ሳቄን አፍኜ የጋሼ መስፍንን በር በቡጢ ደበደብኩት። ድምፄን አጎርንኜ በስዋሂሊ "ፖሊስ! ፉንጉዋ ምላንጎ! ኪፓንዴ!" አልኩ፤ በሩን ክፈት፣ መታወቂያ አምጣ ማለት ነው። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከደርግ አምልጦ፣ ድንበር ተሻግሮ ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር እኛ ጋ ተጠግቷል፤ ወረቀት ስለሌለው ከተያዘ ወደ አገሩ ይመልሱታል። ቀኑን ሙሉ ከአሮጌ ሞተር በሚያወጣው የመዳብ ሽቦ ጣት የሚያካክሉ ሰዎች ይሠራል። በመስኮት ሲዘል እስቃለሁ ብዬ ነበር። ከውስጥ የሚሰማው ግን የሽቦ መንቋቋት ብቻ ሆነ። ፈራሁ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ!" ብዬ ገባሁ። የሠራቸውን አምስቱንም የሽቦ ሰዎች በመዳፉ ጨፍልቆ አንድ ላይ አድቦልቡሏቸዋል፤ ጣቱ ይደማል።

"አዲስ አበባ በር ሲደበደብ መጀመሪያ የምናጠፋው የጓደኞቻችንን ፎቶ ነበር" አለኝ።

"እንዴ ጋሼ፣ እነዚህ ፊት እንኳን የላቸውም! ሽቦን ማን ይለያል?"

አጠገቡ ቁጭ ብዬ ድቡልቡሉን መፍታት ጀመርኩ። አንዱን ጫፍ ሳብ ሳደርግ እጄን ያዘኝ።

"ቀስ በይ" አለኝ፣ "አልማዝ ናት።"