የፍሪጁ ቁልፍ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ልትሸኙኝ ከመድኃኒት መጋዘኔ አውጥታችሁ እዚህ መሃል ስላቆማችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ብርድ ልብሱም አመሰግናለሁ። የደብረ ብርሃን ሰው ለደብረ ብርሃን ሰው ሌላ ምን ይሰጣል?

ያለፉትን አምስት ዓመታት ከአንድ ፍሪጅ ጋር እንዳሳለፍኩ ታውቃላችሁ። ውስጡ ያለው የመምህርት ሥርጉት መድኃኒት ነው። ሰውነታችን ጀርም የሚዋጋበት ኮምፕሊመንት የሚባል መከላከያ አለው፤ የእሷ ግን የገዛ ኩላሊቷን ያጠቃል። መድኃኒቱ ያንን ያግዳል። በየሁለት ሳምንቱ ከደነባ መጥታ ካልወሰደች እጣዋ የኩላሊት እጥበት ነው። በእርዳታ ከውጭ ስለሚመጣ ከተበላሸ ምትክ የለውም።

ጥበቃችን አቶ ይሁኔ፣ «በዚህ ብርድ ፍሪጅ ምን ያደርግልሃል? መድኃኒቱን በረንዳ ላይ አስቀምጠው» ብሎኝ ነበር። የኅዳር ውርጭ ካገኘውም እንደሚበላሽ ሳስረዳው፣ «ከኛ ይልቅ ለሱ ታዝናለህ» አለኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በጥምቀት ዕለት ጠዋት መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ባለቤቴ ይመኙሻል ለብሳ ጨርሳ በር ላይ ቆማ ነበር። «አሁን መጣሁ» ብያት ወጣሁ። መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ አድርጌ ቴርሞሜትር ሳይ ዋልኩ። የታቦቱን እልልታ በመስኮት ሰማሁት። ቤት ስገባ፣ «ፍሪጁን ነው ያገባኸው» አለችኝ፤ ሳቅን።

ለሚቀጥለው ጥምቀት ይመኙሻል አልደረሰችም። ያን ቀን አብሬያት በዋልኩ እላለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ባለፈው ወር ደግሞ ደነባ ሄጄ ሥርጉት ክፍል ውስጥ ቆማ ስታስተምር በመስኮት አየኋት። ሳልጠራት ተመለስኩ። ሁለቱን እንዴት አድርጌ ልመዝናቸው? አልቻልኩም።

ፀደንያ፣ ቁልፉ ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ የመጋዘኑ ኃላፊ አንቺ ነሽ። ሙቀቱን ጠዋትና ማታ መዝግቢ። ሌሎቻችሁም በበዓል ቀን ተቀያየሩላት፤ ይህን ነገር አንድ ሰው ብቻውን አይያዘው። እኔ ብቻዬን ይዤው ነበር፤ አሁን ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ለሥርጉት ዕድሜ ይስጥልን። እናንተንም እግዚአብሔር በጤና ያቆያችሁ፤ ቤታችሁን በሰው ይሙላው።

ስልኬን አልዘጋም። መብራት ሲጠፋ ደውሉልኝ። ባይጠፋም ደውሉልኝ።