ገበሩ ያልታየ ቤት

ልብስ ሰፊው የቀብዱን ገንዘብ በደረት ኪሱ ከቶ፣ አፉን በመርፌ ቁልፍ ጠርቅሞ ሲገሰግስ፣ መታጠፊያው ላይ ከእህቱ ልጅ ጋር ግጥም አለ። የልጅቱ ሥራ አሮጌ ቤት እየገዙ ማደስና ማከራየት ነው። ተምራለች፤ ተምራም ዘመድ ሰላም ትላለች፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ አይገኝም።

«አጎቴ፣ ወዴት ነው እንዲህ እንደ ሙሽራ?»

«ቤት ልገዛ! የማንን ብለሽ ጠይቂኝ እስቲ።»

«የማንን?»

«የባለ ከዘራውን! ራሱ ደላላ ልኮብኝ!»

ነገሩን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል። ሰፊው በወጣትነቱ ከዚያ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነበር። ከዘራ ከእጁ የማይለየው ባለቤት «ተከራይ በፊት በር አይገባም» እያለ በጓሮ ያመላልሰዋል። አንድ ቀን ዝናብ ሲያጣድፈው በፊት በር ቢገባ፣ ሰውዬው በከዘራው ጫፍ ደረቱን ገፍቶ መለሰው። እንግዶች ነበሩ፤ ሳቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ነውና፣ ሰፊው ከዚያ ወዲህ የሰፋው ኮትና ሱሪ ሁሉ ያችን ሳቅ ለማፈን የተሰፋ ነበር።

«ቤቱን ገብተው አዩት?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

«ምኑን አየዋለሁ? ኖሬበት የለ!»

«የኖሩት ጓሮ ነው። ዋናውን ቤትማ መች አስገቡዎት?»

እውነት ስለሆነ ተናደደ። «አንቺ ልጅ፣ በሰው ደስታ ላይ ውኃ አትቸልሺ! መጀመሪያ የአንበሳ ራስ ያለው የብረት በር አስገጥማለሁ። ቀጥሎ ፊቱን አረንጓዴ አስቀባለሁ። ያ ሰውዬ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ዓይኑ ደም ይልበስ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አከራያለሁ። ጡረታ የለኝ፤ ዓይኔም ክር ማስገባት አቅቶታል። መጦሪያዬ እሱው ነው።»

«እንግዲያው አብሬዎት ልምጣ። ትንፍሽ አልልም።»

ባለ ከዘራው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። «ኧረ ሰፊው! ዛሬስ በፊት በር መጣህ?» ብሎ ሳቀ። ሰፊው ጥርሱን ነክሶ ገባ። ሳሎኑ ገና ትኩስ ቀለም ይሸታል፤ ኮርኒሱ እንደ ወተት ነጭ ነው። ሰፊው ልቡ ቀለጠ፤ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

ትንፍሽ አልልም ያለችው ልጅ ጠጋ አለችው። «አጎቴ፣ ሰው አሮጌ ኮት ሊሸጥልዎ ቢመጣ መጀመሪያ ምኑን ያያሉ?»

«ገልብጬ ገበሩን ነዋ! ፊቱንማ ማንም ይተኩሰዋል።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልገለበጡትም?»

ሰፊው እጁን ከኪሱ አወጣ። ወደ ማዕዘኑ ሄዶ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ልስኑ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ከውስጥ እርጥብ ነው።

«መሰላል ይኖራል?»

«ምነው፣ ጣሪያ ልትሰፋ ነው?» አለ ባለ ከዘራው፤ ሳቁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ሰፊው በመጣለት መሰላል ወጥቶ የኮርኒሱን ክዳን ከፈተ። ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል፤ ሰማይ ይታይበታል። ተሸካሚውን እንጨት ምስጥ በልቶት፣ ቢነካው ዱቄት ሆኖ ወረደ። ከመሰላሉ ወርዶ ልጅቱን ወደ ግቢው ጠራት።

«ቢሆንስ? እጠግነዋለሁ!» አለ፤ ያደረ ቂም በአንድ ጣሪያ አይበርድማ።

«መጠገንማ ይጠገናል። በምን? ያለዎት መግዣው ላይ ያልቃል። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ነው አጎቴ፤ የቤት ዋጋ ለሻጩ የሚከፍለው ብቻ ይመስለዋል። ዋጋው መግዣው፣ ማደሻውና ያላሰቡት ሲደመሩ ነው። መጀመሪያ ታድሶ፣ በሚያስገባው ኪራይ ሲታሰብ፣ ስንት ያወጣል ይበሉ፤ ከዚያ ላይ ማደሻውንና ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን ይቀንሱ፤ የቀረው ነው መግዣዎ። ግንበኛ ሳያሳዩ፣ ቤቱ ዕዳና ክስ እንደሌለበት ሳያጣሩ ቀብድ አይስጡ።»

«በሩስ? አንበሳውስ?»

«አንበሳው ዝናብ ያስቆማል? ተከራይ የሚከፍለው ለማያፈስ ጣሪያና ለማይቋረጥ ውኃ ነው። ቀለም የሚቀባው ለሚኖርበት ሰው እንጂ ለሚቀናው ሰው አይደለም።»

«አንቺ አልተገፋሽም!» ድምፁ ተሰበረ። «አንቺ ላይ አልሳቁም!»

«እውነት ነው፤ አልተገፋሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ሁሉ ገዢ ትቶ፣ ደላላውን በቀጥታ ወደ እርስዎ ለምን የላከ ይመስልዎታል? ቂም ይዞ የሚገዛ ዋጋ አይከራከርም፤ ገበርም አይገለብጥም። ሰውዬው ይህን ያውቃል።»

ሰፊው ሳያስበው ደረቱን ዳሰሰ። ከዘራው ያረፈበት ቦታና የቀብዱ ኪስ አንድ ቦታ ነበሩ። «ሁለተኛ ሊገፋኝ ኖሯል!» አለና ወደ በረንዳው ተመለሰ።

«እህሳ፣ ጨረስን?» አለ ባለ ከዘራው። «ወይስ ጓሮውን ለብቻው ልሽጥልህ?»

«ጌታው፣ ፊቱ ጥሩ ተተኩሷል፤ ገበሩ ግን አልቋል። እኔ እንዲህ ያለ ኮት በልብስ ሰፊነቴ አልገዛም» አለና ወጣ። በፊት በር።

በኋላ ሰፊው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ሰው መልኩን አይቶ የሚያልፈውን አመድማ ቤት ገዛ። መሠረቱ ጽኑ፣ እንጨቱ ጤነኛ ነበር። ግንበኛው አስቀድሞ አይቶለታል፤ የግድግዳው ስንጥቅና ያረጀው ቱቦም ከዋጋው ላይ ተቀንሶለታል። ማደሱን ከላይ ጀመረ፤ ጣሪያ፣ ቀጥሎ ቱቦና መብራት፣ ቀለሙ በመጨረሻ። አረንጓዴውን በብዙ ጭንቅ ተወው። ሥራው ሲጋመስ የፍሳሹ ቱቦ ቢፈነዳ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ስለነበር ከማንም ደጅ አልቆመም። ዛሬ መርፌውን ሲሻው ያነሳዋል፣ ሲሻው ይተወዋል። ቸኩሎ ቢገዛ ኖሮ ግን፣ ዓይኑም ቤቱም አብረው ባፈሰሱበት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች የመጡ ዕለት ዝናብ ነበር። ባልና ሚስት ዕቃቸውን ተሸክመው ውጭ ቆሙ፤ ተከራይ መሆን ያስለመደው መቆም።

«አባባ፣ በየት በኩል እንግባ?» አለ ባልየው።

ሰፊው የፊቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተና ከመንገዱ ገለል አለላቸው።