ፕላን ላይ እሳት የሚያስነሱት እትዬ ጣሪያ

ወገኖቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ፣ ወይም ሱቅ ገብታችሁ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ ወደ ጣሪያው ቀና ብላችሁ «ይቺ ከላይ የተሰካችው ሚጢጢ ነገር፣ እሳት ቢነሳ እውነት ውኃ ትረጫለች?» ብላችሁ አታውቁም? ብላችኋል። ሁላችንም ብለናል። እኛ ግን ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እንረሳዋለን። እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እትዬ ባለሱቁን ጠርተው፣ መሰላል አስመጥተው፣ መልሱን ሳያገኙ ንቅንቅ አይሉም። ለዚህ ነው በዚህ ቢሮ ማንም በስማቸው የማይጠራቸው። እትዬ ጣሪያ ናቸው።

ይኸው፣ አሁን እንኳ እኔ እየተናገርኩ ዓይናቸው የት እንዳለ እዩልኝ! እትዬ፣ የአዳራሹ ጣሪያ ደህና ነው። ጠዋት ቀድሜ መጥቼ አይቼዋለሁ። ፊኛዎቹንም ከውኃ መርጫዎቹ አርቀን ነው የሰቀልናቸው። ይረጋጉና የጡረታ መሸኛ ኬክዎን ይብሉ።

ኬኩ አጠገብ የተቀመጡት ጋሽ ኮንትራክተር ደግሞ ከኬኩ ይልቅ እኔን ነው የሚያዩት። ከእኔ አንድ መልስ ይጠብቃሉ። ሰኞ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍቱ የእሳት ማጥፊያ ፕላን ከዚህ ቢሮ ይወጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥሩ የሚፈረመው የእኔ ስም ነው። ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ እመጣበታለሁ።

እትዬ እዚህ ቢሮ የመጡ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም። ታሪኩን የሰማሁት ፕላን ከሚሥለው ድራፍትስማናችን ነው፤ ካጋነንኩ እሱን ያዙት። የያኔው ሥራ አስኪያጅ አንዲት አመልካች ለቃለ መጠይቅ ቀጥረው ወደ ቢሯቸው ሲገቡ ወንበሩ ባዶ ነው። ቀና ሲሉ አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ጠረጴዛቸው ላይ ቆማ፣ ከመደርደሪያው አናት ካርቶን ታወርዳለች።

«እመቤት፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ካርቶኑ መርጫውን አፍኖታል። ከሥሩ ክንድ ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ይቀበሉኝ።»

«ቆይ፣ ለሥራ የመጣችው ልጅ የት ሄደች?»

«እኔ ነኝ። ይሄኛው ይከብዳል፣ በሁለት እጅዎ ይያዙት።»

ሥራ አስኪያጁ ካርቶኑን ተቀበሉ። ቃለ መጠይቁ በቃ ይኸው ነበር።

ድራፍትስማናችን ራሱም አልተረፈም። በሠርጉ ቀን ዲኮር ሠሪዎቹ ጣሪያውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ደመና አስመስለውታል። እንግዳ ሁሉ «ሲያምር!» ይላል። እትዬ ብቻ «መርጫዎቹ የታሉ?» አሉ። ሙሽሪት ስትገባ ሙሽራው በር ላይ አልነበረም፤ መሰላል ይዞ እትዬን ከሥር እየደገፈ ነበር። የሠርጉ ቪዲዮ አለ፣ እትዬ ልካድ ቢሉም አይችሉም።

ሲኒማ ቤት አብሯቸው የሄደ ደግሞ ወዮለት። ፊልሙ ላይ አንዱ ክብሪት ጭሮ ወደ ጣሪያ ያሳያል፣ የሕንፃው መርጫ በሙሉ በአንዴ ይዘንባል። ሰው ሁሉ በጸጥታ እያየ ሳለ እትዬ ከመካከል «ውሸት! የምትፈነዳው ሙቀት የነካት መርጫ ብቻ ናት!» ብለው ጮኹ። ልጃቸው እዚህ አለች፣ ትመስክር። እሷማ የምርቃት ፎቶዋን ስታሳያቸው መጀመሪያ ያሏት «እንኳን ደስ አለሽ» አይደለም። «ከኋላሽ ያለው መውጫ በር ለምን ተቆለፈ?» ነው ያሏት።

አሁን እንግዶች ስላላችሁ የቢሯችንን አንድ ወግ ላስረዳ። ከዚህ የሚወጣ ማንኛውም ፕላን መጀመሪያ እትዬ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። ቀይ እርሳስ ይሰጡሻል። «በይ፣ እሳቱን አስነሺው» ይሉሻል። የፈለግሽበት ክፍል ላይ ነጥብ ታደርጊያለሽ፤ ከዚያ ታሪኩን መናገር ነው። ምኑ ተቃጠለ? ጭሱ ወዴት ሄደ? የትኛዋ መርጫ ቀድማ ሞቀች? ውኃው የት ወደቀ? ሰዉ በየት ወጣ? ታሪክሽ ሳይደናቀፍ ከዘለቀ «ጠፋ» ይላሉ፤ እሳቱን ማለታቸው ነው። አንዲት ቃል ናት፤ ሌላ ምስጋና አትጠብቂ። ካልዘለቀ ምንም አይሉም። እርሳሱን መልሰው ወደ አንቺ ይገፉታል።

አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ፣ እትዬ ከውስጥ «ከእንጨት መጋዘኑ ጀምሪ! ዘበኛው እንቅልፍ ሲወስደው ይሁን!» ሲሉ ይሰማል። ሰውዬው ባለመጋዘኑ ራሱ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አላውቅም፤ ሁለት ፖሊሶች ይዞ ሲመለስ ግን አይቻለሁ። እትዬ ፖሊሶቹንም አስቀምጠው ፕላኑ ላይ እሳት አስጀመሯቸው።

የእኔ ተራ በገባሁ በሳምንቴ ደረሰ። ከዩኒቨርሲቲ የእሳት መከላከያ ደንቡን፣ ኮዱን፣ ሸምድጄ ነበር የመጣሁት፤ አንቀጽ ጥሩልኝ፣ ቁጥሩን ልንገራችሁ የምል ሰው ነበርኩ።

«ችኩሌ፣ እሳቱን አስነሺው» አሉኝ። አዎ፣ ችኩሌ ብለው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ በኮዱ መሠረት ይህ ክፍል አነስተኛ አደጋ ያለበት ምድብ ውስጥ ስለሚወድቅ፣ በሁለት መርጫዎች መካከል ያለው ርቀት—»

«እሳቱን ነው ያልኩሽ።»

«አንቀጹ እኮ—»

«አንቀጹን እኔም አንብቤዋለሁ። ማን ተቃጥሎ ነው የተጻፈው?»

ዩኒቨርሲቲ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም።

እትዬን አክራሪ የሚሏቸው አሉ፤ አያውቋቸውም። የዳቦ ቤቱን ጉዳይ አስታውሱ። የሕንፃ ተቆጣጣሪው ኮዱን ይዞ፣ የምድጃው ክፍል ውስጥም እንደሌላው ክፍል ዓይነት መርጫ ይገባል ብሎ ድርቅ አለ። እትዬ ክርክር አልጀመሩም። ምድጃው ሲከፈት ጠብቀው አጠገቡ አቆሙት። ላቡ ሲንቆረቆር «እርስዎን እንዲህ ያደረገ ሙቀት መርጫዋን ምን ያደርጋታል? ዳቦውን በየጠዋቱ ልታጥቡት ነው?» አሉት። ከዚያም ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል መርጫ የሚፈቅደውን አንቀጽ ራሳቸው ገልጠው አሳዩት። ሰውዬው ተስማማ። ዳቦም ይዞ ሄደ።

እንግዲህ ቀልዱ ይብቃኝና ከልቤ አንድ ነገር ልበል።

እኔ ቶሎ መድረስ የምወድ ልጅ ነኝ። እዚህ ስገባ የኮድ ዓረፍተ ነገር ለእኔ አጥር ነበር፤ ከወዲህ ከሆንሽ ትክክል፣ ከወዲያ ከሆንሽ ስህተት፣ በቃ። እትዬ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጀርባ ሰው አሳዩኝ። በጭስ ታፍኖ በሩን ያላገኘ ሰው፣ በተሸፈነ መርጫ ሥር የተኛ ሰው። የማናውቃቸው ሰዎች ሌላው እንዲተርፍ የተዉልን ቃል ነው፤ ስለዚህ ምን እንደሚል ብቻ ሳይሆን ምን ለማለት እንደፈለገ ማንበብ አለብን። ይህን አንድም ቀን እንደ ትምህርት አልሰጡኝም። እርሳሱን ብቻ ገፉልኝ። እትዬ፣ እርሳሱን መልሰው በገፉልኝ ቁጥር አኩርፌ ነበር፤ ዛሬ ግን ለእያንዳንዷ አመሰግንዎታለሁ።

አሁን ጋሽ ኮንትራክተር፣ ወደ እርስዎ ልምጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ የማንበቢያ ጥግ ላይ ሁለት ትልልቅ የአየር ቱቦዎች ጎን ለጎን ያልፋሉ። ኮዱ፣ ከጣሪያው ሥር የሚያልፍ ቱቦ ከተወሰነ ስፋት በላይ ከሆነ ከሥሩም መርጫ ይግባ ይላል። ጋሼ ደግሞ «ልጄ፣ እኔም ማንበብ እችላለሁ። እያንዳንዱ ቱቦ ከልኩ በታች ነው። የሁለቱን ደምሪ የሚል የታለ? ተሰቅለው፣ ቀለም ተቀብተው አልቀዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፈልጌ ፈልጌ፣ ደምሪ የሚል ቃል አላገኘሁም።

ወደ እትዬ ሮጥኩ። «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉኝ። ገና ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው! በማግስቱም ሄድኩ፣ «እዚህ የለሁም» አሉኝ። ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ስለምናቸው መሳቢያቸውን ከፍተው ቀዩን እርሳስ ሰጡኝ። ይኸው፣ እጄ ላይ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ ሁላችሁም በተገኛችሁበት እሳቱን አስነሳለሁ። ነጥቤን ያደረግኩት ልጆቹ ተጋድመው በሚያነቡበት ትራስ ላይ ነው። ትራሱ ተያያዘ። ሙቀቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ቱቦዎቹ ሆድ ላይ ተንተራሰ፣ ዞሮ ጣሪያው ደረሰ። ከላይ ያለችው መርጫ ሞቃ ፈነዳች፤ ውኃው ወረደ። የት ወረደ? ቱቦዎቹ ጀርባ ላይ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጣት አያስገባም። ከሥራቸው ያለው ትራስ ጃንጥላ እንደያዘ ሰው ደረቅ ነው፤ ይነዳል።

ጋሼ፣ ኮዱ ሁለት ብሎ ይቆጥራቸው ይሆናል። ውኃው ግን ሁለት መሆናቸውን አያውቅም።

ከሥራቸው መርጫ ይገባል። የምፈርመው እንዲህ ሆኖ ነው። እባክዎ ጋሼ፣ እጅዎን ከራስዎ ላይ ያውርዱ፤ ቀለሙን አብረን እናድሰዋለን፣ ብሩሽ እኔ እይዛለሁ። አሁን እሳቱን እንደገና ላስነሳው። ትራሱ ተያያዘ፣ ከሥር ያለችው መርጫ ሞቃ ፈነዳች፣ ውኃው ትራሱ ላይ ወረደ። ልጆቹ ካልሲያቸው ረጥቦ፣ እየተንጫጩ በበሩ ወጡ። አንዷ ያላለቀ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

ወገኖቼ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ግን እንዳትጠጡ! እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ቀና ሲሉ ሰማይ ብቻ የሚያዩበት፣ ማንም ካርቶን የማይቆልልበት ሰፊ ግቢ ይስጥዎት። የልጅ ልጆችዎ የልደት ሻማ ሲለኩሱ፣ አንዴ እንኳ ዝም ብለው የሚያጨበጭቡበት ልብ ይስጥዎት።

እኔ ታሪኬን ጨርሻለሁ። እርሳሱም ይኸው፣ ከፊትዎ አስቀምጬዋለሁ። መልሰው ከገፉት ሰኞ ከባዶ እጀምራለሁ። ካልገፉት ግን ያቺን አንዲት ቃልዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያሰሙን፤ እኛም አብረን ብለናት እንጠጣ።

እትዬ፣ ምን ይላሉ?