የሰባተኛው ወር ቃር

ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ባጃጅ እየጠበቅን ሳለ ፌቨንን አገኘናት። የጎረቤታችን የኦቦ ረጋሳ ልጅ ናት፤ ሸነን ከተማ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ሆና ትሠራለች። እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። አማቴ አዴ ድንቅቱ ዘንቢሉን ይዘውልኝ ነበር።

«ጂቱዬ፣ ምነው ከሳሽ?» አለችኝ።

ከእራት በኋላ ጋደም ስል ደረቴን እንደሚያቃጥለኝ፣ ጎምዛዛ ውሃም እስከ ጉሮሮዬ እንደሚመጣ ነገርኳት። ልቤ ሊቆም ነው ብዬ መፍራቴን አልደበቅኳትም።

«ቃር ነው» አሉ አማቴ። «ፀጉራም ልጅ ሊወለድ ነው። አባቱም እንዲሁ አቃጥሎኝ ነበር፤ ጎፈሬውን ይዞ መጣ።»

«አሁን ግን መላጣ ነው» አልኩ።

ፌቨን ሳቀች። «አዴ፣ እርግዝና ሲገፋ ማህፀን ጨጓራን ይጫነዋል፤ የጨጓራውም አፍ ይላላል። አሲዱ ወደ ላይ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ለእራት ምን ይሰጧታል?»

«ጭኮ ነዋ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ በሶ። ለሁለት ነው የምትበላው። ከዚያ እንዲረጋላት ወዲያው አስተኛታለሁ። ሲያቃጥላት የአገራችንን ባለጋዝ ውሃ ትጠጣለች፤ ታገሳና ይለቃታል።»

«ተመልሶ ይመጣል እንጂ» አልኩ።

«ጋዙ ሆዷን ይነፋል» አለች ፌቨን፤ «ቅቤውም ቶሎ ከጨጓራ አይወርድም። በዚያ ላይ ስትተኛ ወደ ጉሮሮዋ ይመለሳል።»

«እኔ ስድስት ወልጃለሁ። አንቺ ስንት ወለድሽ?»

«አንድም። ያዋለድኳቸውን ግን መቁጠር ትቻለሁ።»

አማቴ ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ የደበቅኩት ነገር አመለጠኝ። «እማማ፣ ቃሩን ስለፈራሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭኮውን ለልጅዎ ለኢብሳ እየሰጠሁ ባዶ ሆዴን አድሬያለሁ። ሕፃኑም አብሮኝ የተራበ ይመስለኛል።»

ዘንቢሉን መሬት አስቀመጡ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳያዝኑብኝ ብዬ።»

ወደ ፌቨን ዞሩ። «በይ ልጄ፣ ምን ላድርግላት?»

«ትንሽ ትንሹን፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትብላ። እራቷ ከመኝታዋ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቅደም፤ በርበሬውና ቅባቱ ይቀነስ። ከራስጌዋ ከፍ ብላ በግራ ጎኗ ትተኛ። ካልተሻላት መድኃኒቱን ጤና ጣቢያ ይዘዙላት። ከጎድኗ ሥር ብርቱ ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ቢመጣ ግን ቃር ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ በዚያው ሰዓት ውሰዷት። ሰኞ ደግሞ ትመዘን፤ ሕፃኑም ይታይ።»

እስከ ሰኞ ድረስ ጎድኔን ስዳስስ ሰነበትኩ። ሰኞ አማቴ ራሳቸው ወሰዱኝ። ሕፃኑ ደህና ነበር፤ የከሳሁት እኔ ነበርኩ።

ቃሩ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ግን እበላለሁ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል፤ ልቤ ይቆማል ማለቱንም ቀንሻለሁ። አማቴ የአልጋዬን ራስጌ በእንጨት ከፍ አድርገውልኛል፤ ከእራት በኋላ እንዳልጋደም ስድስቱን ልጆች እንዴት እንደወለዱ እያወሩልኝ ያስቀምጡኛል።

ባለፈው ሳምንት የሌላ ጎረቤታችን እርጉዝ ምራት «ቃር አስቸገረኝ፣ ልጁ ፀጉራም ሳይሆን አይቀርም» ብላ መጣች።

«ፀጉሩን ተይው» አሏት አዴ ድንቅቱ። «እራትሽን በልተሽ ስንት ሰዓት ቆይተሽ ነው የምትተኚው?»