የስፌት መኪናዋን ያስቆሙ ሰው

ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሙያ አጋሮች፤ የታላቅ ወንድሜን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛልና፣ ዕንባ ቢቀድመኝ ታገሡኝ።

ሁላችሁም ጋሽ ይቅርታ እያላችሁ ትጠሯቸው የነበሩት ወንድሜ፣ ከአናጺ አባታችንና ከነርስ እናታችን የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። በተማሪነታቸው የመምህራንን አካሄድ እያስመሰሉ ክፍሉን በሳቅ ሲያፈርሱት ከትምህርት ቤት ለጊዜው ቢባረሩም፣ ያባረሯቸው ርዕሰ መምህር ራሳቸው በዓመቱ መዝጊያ ላይ የርዕሰ መምህሩን የራሳቸውን አካሄድ እንዲያሳዩአቸው በጓሮ በኩል አስጠርተዋቸዋል።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል እየሠሩ፣ ማታ ማታ ከአንድ የቴአትር ቡድን ጋር መድረክ ላይ ሲወጡ ቆይተው፣ ለቴአትር ቡድኑ ልብስ ይሰፉ የነበሩትን ወይዘሮ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ብዙም ሳይቆዩ፣ የገጨውን በርና የተቀመጠበትን ወንበር ሳይቀር ይቅርታ የሚጠይቅ ጸሐፊ ሆነው በሠሩበት የመጀመሪያ ፊልማቸው ስማቸው ገነነ፤ «ጋሽ ይቅርታ» መባላቸውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ባለቤታቸው ሥራ ላይ ሲሆኑ በዋዛ የሚስቁ ሰው አልነበሩም። ስለዚህ ወንድሜ አዲስ ነገር ባሰቡ ቁጥር ከስፌት መኪናዋ ፊት ቆመው ይሠሩታል፤ ባለቤታቸው ስቀው እግራቸው ከመርገጫው ተነሥቶ መኪናዋ ቀጥ ካለች ትዕይንቱ ፊልም ውስጥ ይገባል፤ መስፋቷን ከቀጠለች ግን ዳይሬክተሩ ቢለምን ቢያለቅስ ይጣላል።

ልጃቸው ገና ተማሪ ሳለች እናቷ በድንገተኛ ሕመም ዐረፉ። ከዚያ ወዲያ የተሠሩትን ፊልሞች ታውቋቸዋላችሁ። ወንድሜ በሐሰት ሙገሳ የሚበግኑ ሰው ነበሩና እኔም አልዋሽባቸውም፤ ፊልሞቹ ከዓመት ዓመት እየወረዱ ሄዱ። ቀልዱ ሲያጥር ጩኸት፣ ጩኸቱ ሲያንስ መውደቅ ተጨመረበት፤ በዙሪያቸው ያሉትም እርሳቸው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ይስቁላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ከሲኒማ ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ ሆነው ፊልማቸውን ካዩ በኋላ ቤቴ መጥተው፣ «ሰዎቹ እኮ አልሰደቡኝም፤ ዝም ብለው ወጡ» ያሉኝን አልረሳውም። እውነት ለመናገር፣ ያን ቀን አንጀቴን በሉኝ።

ልባቸው ደክሞ ከሥራ ሲቀሩ፣ የእናቷን ሙያና መኪና የወረሰችው ልጃቸው አልጋቸውን ወደ ስፌት ክፍሉ አስገባችላቸው። እርሳቸውም ያችን መኪና አንድ ጊዜ እንኳ ሳያስቆሙ እንዳይሞቱ ብቻ ይመኙ ነበር። ልጃቸው አባቷን ደስ ለማሰኘት ፈገግ ብትልላቸውም፣ እግሯ ግን መርገጡን አይተውም፤ ወንድሜም የአዘኔታን ፈገግታ ለይተው ያውቃሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮታቸውን ሊለብሱ ሲሞክሩ እጃቸው አልገባ ቢላቸው፣ ሳይጮኹና ሳይወድቁ፣ እጅጌውን በትሕትና ይቅርታ ጠየቁት። መኪናዋ ቆመች። ዞር ሳይሉ፣ «ክሩ ተበጠሰ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ልጃቸው በሳቅ ፍርስ አለች። ወዲያው ደውለውልኝ፣ «ዛሬ ቆመች» ብቻ ብለውኝ ስልኩን ዘጉ፤ ትናንት ንጋት ላይም በዚያችው ክፍል፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ።

ወንድሜ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ታናሻቸውንና የሳቀላቸውን ሕዝብ ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ባለቤታቸው ካሉበት ያሳርፍልን፤ የዚያን ቤት በር ሲገፉም እንደ ልማዳቸው ይቅርታ ብለው ይግቡ።